የወፈረው ብረት

ልጄ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ብረቶቿን ቀለም ትቀባለች። የብረቱን እጀታ በግራ እጇ በጨርቅ ይዛ፣ በቀኟ የጥርስ መቦረሻ የምታህል ብሩሽ ቆርቆሮው ውስጥ እያጠቀሰች፣ ጥቁሩን ቀለም ከላይ ወደ ታች ታለብሰዋለች። አታንጠባጥብም። እጀታው ሥር ያለችውን ስርጉድ ሳይቀር በብሩሹ ጫፍ ገብታ ታዳርሳታለች። ስትጨርስ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ታስቀምጠውና ገላውን እንዳጠበችው ሕፃን እየዞረች ታየዋለች። ክረምት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ የምትሠራው ሥራ ነው። «የሚዛን ሰው ጠላቱ ዝገት ነው» ትላለች።

አማቼ፣ ባሏ ማለቴ ነው፣ አውቶቡስ ነጂ ነው። ከሥራ ሲገባ ይህን ካየ ዝም ብሎ አያልፍም።

«እኔን እንዲህ አድርጎ ያሰማመረኝ ሰው የለም» ይላል ጫማውን እያወለቀ።

«አንተም እንደ ብረቱ ዝም ብትል ትቀባ ነበር» ትለዋለች ቀና ሳትል።

ይህች ልጄ ከሆዴ ጀምራ ዕረፍት የላትም። አርግዣት ሳለሁ ጎኔን ስትራገጥ ታድር ነበር፤ ከተወለደች በኋላም እግሯ ሳይጸና ልትሮጥ የተነሣች ናት። ዳቦ ስቆርስ ዓይኗ ከቢላዋው አይነሣም። የራሷ እንዳያንስ ነው ብላችሁ እንዳታሟት፤ የታናሽ ወንድሟ እንዳያንስ ነበር። የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው ያሳደግኳቸው። ያን ጊዜ ፊደልም ቁጥርም አላውቅም። ሱቅ ሄጄ ስኳር ሲመዘንልኝ ሚዛኑ ላይ ያሉት ምልክቶች ለእኔ የዝንብ እግር ነበሩ። ባለ ሱቁ «ልክ ነው» ሲለኝ «እግዜር ይስጥህ» ብዬ እወጣለሁ። መንገድ ላይ እጄ ጉድለቱን ያውቀዋል፤ ዓይኔ ግን ምስክር ሊሆነኝ አይችልም።

ልጄ ቁጥር ስትለይ ጊዜ አብራኝ መሄድ ጀመረች። በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ አገጯን ባንኮኒው ላይ አሳርፋ የሚዛኑን ቀስት ትጠብቃለች።

«አልደረሰም» ትላለች።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«አልደረሰም፤ ትንሽ ይጨምሩ።»

ሰውየው እኔን ገላመጥ ያደርገኛል፤ ከዚያ ይጨምራል። እንዲህ ያለች ልጅ አድጋ ማዘጋጃ ቤት የንግድ ቁጥጥር ክፍል ብትገባ ማን ይገረማል።

ሥራዋን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። የመፈተሻ ብረቶቿን በእንጨት ሣጥን ይዛ ከሱቅ ሱቅ ትዞራለች። ብረቱን የነጋዴው ሚዛን ላይ ታስቀምጠዋለች። ሚዛኑ ብረቱ ላይ የተጻፈውን ክብደት ካሳየ ማኅተም ያለበት ወረቀት ትለጥፍበትና ትሄዳለች። አብልጦ ካሳየ ግን ገዢ ያልተቀበለውን እየከፈለ ነው ማለት ነው፤ ሚዛን ጠጋኝ ተጠርቶ እንዲስተካከል ታዛለች። እምቢ ያለውን ሱቅ ታሽጋለች። የማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት ደግሞ በየጊዜው ክፍሉን ጠርቶ ምን ሠራችሁ ይላል። ገበያው ውስጥ «እመት ሚዛን» የሚል ስም አውጥተውላታል። በፊት ለፊቷም ይሏታል፤ ከኋላዋ የሚሏት ሌላ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን እናት ሁሉን አትሰማም።

ሰፈራችን ውስጥ ስኳር፣ ሩዝና ምስር የሚሸጥ አንድ ሰው አለ። ስሙን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ምርቃቱ ነው የሚለው። መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ሁልጊዜ እፍኝ ጨምሮ «ይህቺ ምርቃት ናት» ስለሚል ነው። ለልጅ፣ ለሽማግሌ፣ ለሚወደውም ለሚጠላውም ይመርቃል። ለእኔ ሲመርቅ እፍኙ ትልቅ ነው። «እማማ ጥርስ ስለሌላቸው ሩዙ ቶሎ ያልቅባቸዋል» እያለ ያሾፍብኛል። ጥርስ አለኝ።

ዘንድሮ፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ፣ ልጄ ሣጥኗን ይዛ ገበያውን ማዳረስ ጀመረች። ብዙ ሚዛን አብልጦ አገኘች። ማታ ገብታ «ምን ነካቸው ዘንድሮ? ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይሰርቃል» ትል ነበር። ነጋዴዎቹም እያጉረመረሙ አስተካከሉ። ከማዘጋጃ ቤት ጋር ማን ይጣላል? አንድ ብርቱካን በእጅ ጋሪ እየገፋ የሚሸጥ ሰውዬ ለሚዛን ጠጋኝ የሚከፍለው ስላጣ፣ አዝናለት በራሷ ጠመንጃ መፍቻ የተንጠልጣይ ሚዛኑን ቡሎን አዙራ አስተካከለችለት። «እግዜር ያክብርሽ እህቴ» ብሎ አንዲት ብርቱካን ቢሰጣት አልቀበልም አለች። ሕጉ አይፈቅድም።

ምርቃቱ ሱቅ የገባች ዕለት እኔም ዘንቢሌን ይዤ እዚያው ነበርኩ።

«እንዴት አረፈድሽ እመት ሚዛን» አላት።

«ደህና ነኝ ጋሼ። ሚዛንዎን ልይ።»

«እዪው። ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የናፈቀሽ።»

ሣጥኗን ከፍታ ብረቱን በጨርቅ አነሣችና ሰሐኑ ላይ አስቀመጠች። ቀስቷ ልኩ ላይ ደርሳ ትንሽ አለፈች። አነሣችው፤ ሰሐኑን ጠረገች፤ መልሳ አስቀመጠች። አሁንም አለፈች።

«ያበልጣል» አለች።

«ምኑ?»

«ብዙ አይደለም። ግን ያበልጣል። ጠጋኝ ይጥሩና ያስተካክሉት።»

ምርቃቱ ሚዛኑን አየው፤ ብረቱን አየው። «ይህን ሚዛን አባቴ ነው ያወረሰኝ። እኔ ዋሽቼ አውቃለሁ፤ እሱ ግን ዋሽቶ አያውቅም። ያንቺ ብረት ነው የወፈረው።»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሳቀ። «ብረት ምን በልቶ ይወፍራል?» አለ አንዱ።

«የማዘጋጃ ቤት ምሳ» አለ ምርቃቱ።

ልጄ አልሳቀችም። ጆሮዋ ሲቀላ አየሁት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትነካ ጆሮዋ ነው የሚቀላው። «ያስተካክላሉ ወይስ አያስተካክሉም ጋሼ?»

«ልክ የሆነውን ነገር ምን ብዬ ላስተካክል?»

«እንግዲያው ልዘጋው ነው።»

«ዝጊዋ።»

የቀለደች መስሎት ነበር። በሩን አስዘግታ ወረቀቱን ስትለጥፍ ነው የገባው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ከልጅ ልጄ ጋር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ያን ዕለት ግን ዓይኔ «ታሽጓል» የሚለውን ቃል አንድ በአንድ ሲለቅም ምነው ባላወቅሁ አልኩ። የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው።

ሰፈሩ ወሬ ሲያገኝ እንደምታውቁት ነው። ቧንቧው ላይ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች «ለካ በቀኙ እየሰረቀ በግራው ነበር የሚመርቀን» አሉ። «አይ ምርቃት! የራሳችንን ነው ለካ የሚመልስልን» አሉ። ሰውየው ያደረገው ደግነት ሁሉ ተገልብጦ ምስክር ሆነበት። ባይመርቅ ኖሮ እንዲህ ባልታማ ነበር። እሱም ከቤቱ መውጣት ተወ። ሚስቱንም ቧንቧው ላይ ክፉ ተናግረዋት ስታለቅስ አይቻታለሁ።

የልጄ የክፍል ኃላፊ ግን ደስ ብሎታል። የምክር ቤቱ ስብሰባ ቀርቦ ነበር፤ ንግድ ቁጥጥር ክፍሉ ምን እንደሠራ የሚጠየቅበት። «ዘንድሮ የሚታይ ነገር ይዘን እንቀርባለን። ከስንዴው እንክርዳዱን ለይተናል። አንቺም ከጎኔ ትቀመጫለሽ» አላት። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ኩራት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ትቆማለች፤ ትቀመጣለች። ሻይ ትቀዳለች፤ ሳትጠጣው ይቀዘቅዛል፤ ደፍታ ሌላ ትቀዳለች። ሣጥኑን ትከፍታለች፤ ብረቱን ታያለች፤ ትዘጋለች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ምንም። ጋሼ ሲናገሩ ፈገግታ አልነበራቸውም አይደል?»

«የቱን ሲናገር?»

«ወፍሯል ሲሉ።»

«እየቀለደ ነበር እንጂ።»

«አዎ» አለችና ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፤ ደግሞ ከፈተችው።

በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ፣ ሣጥኗን ደጁ ላይ ልታሳርፍ ስትል ከእጇ አመለጠ። ክዳኑ ተከፍቶ ትልቁ ብረት ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እሷ እግሬን ሳትል ብረቱን ለማንሣት ተሯሯጠች። እኔ ወለሉን የምጠርግ ሰው ነኝና ከጠርዙ የተላጠች አንዲት ስባሪ አገኘሁ። የእንቁላል ቅርፊት መስላኝ ነበር፤ ግን ወፈር ትላለች።

«ይህ የምን ቅርፊት ነው?» ብዬ መዳፏ ላይ አደረግሁላት።

ወደ ብርሃኑ አዞረችው። እኔም በትከሻዋ ላይ አየሁ። ቅርፊቷ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነበራት፤ ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ ሌላ ጥቁር፣ ከዚያ ግራጫ፣ ደግሞ ጥቁር፣ ደግሞ ጥቁር። የየዓመቱ ክረምት እዚያ ላይ ተነባብሮ ነበር። ልጄ ስንት ቀን ያልተቀመጠችው ቁጭ አለች። ወዲያውም ብድግ አለች።

«እማዬ፣ በየዓመቱ ነው የቀባሁት።»

«በየዓመቱ ነዋ።»

«አሮጌውን ሳልፍቅ ነው የቀባሁት።»

ምን ለማለት እንደፈለገች የገባኝ ቆየት ብሎ ነው። ቀለምም ክብደት አለው። አንዱ ልባስ ከላባ ቢቀልም፣ ልብስ በልብስ ላይ ሲደራረብ ሰው ይወፍራል፤ ብረትም እንደዚሁ። ለብረቷ ስትሳሳ ብረቷ ከተጻፈበት በላይ ከብዷል። የከበደ ብረት ደግሞ ልክ የሆነውን ሚዛን ሌባ ያስመስለዋል።

«አሁን እኮ ግምት ነው» አልኳት።

«ግምት ይዤ አላድርም» አለች።

በጎረቤት ከተማ አብራት ሥልጠና የወሰደች ሌላ የሚዛን ተቆጣጣሪ አለች፤ ሳቂታ፣ ደንዳና ሴት። እዚያ ማንም በእጁ የማይነካው፣ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ዋና ብረት አለ። በበነጋው ልጄ ፈቃድ ጠይቃ በአማቼ አውቶቡስ ተሳፈረች። እኔም ብቻሽን አትሄጂም ብዬ ተከተልኩ። ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ሙሉ ክዳኑን በጣቷ ትቆረቁረዋለች። አማቼ በመስታወቱ እያየን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀልድ ጀምሮ ተወው።

ሳቂታዋ ሁለት ሰሐን ባለው ሚዛን፣ በአንዱ ዋናውን ብረት በሌላው የልጄን አስቀመጠች። የልጄ ወገን ዝቅ አለ።

«ኧረ ይህቺስ አርግዛለች!» አለችና ሳቀች። ከዚያ የልጄን ፊት አይታ ሳቋን ዋጠችው። «በየዓመቱ ከዋናው ጋር ታስተያዪው የለም እንዴ?»

«መኪና የለም አሉን። ዓመት አለፈ። በሚቀጥለውም ዓመት መኪና የለም አሉ።»

«ምክር ቤታችሁስ? አይጠይቅም?»

«ስንት ሱቅ አሸጋችሁ ነው የሚጠይቁት።»

ስንመለስ ልጄ ቀጥታ ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ጆሮዬም ገና አላረጀም።

«ፋቂው» ሲላት ሰማሁ። «ምን ያስጨንቅሻል? ዛሬ ፍቀሽው ነገ ልኩን ይሆናል። ብረት አይናገርም።»

«ያስተካከልኳቸው ሚዛኖችስ?»

«ትንሽ ለገዢ ቢያደሉ ማን ሞተ? ሕዝብ ተጠቀመ።»

«ጋሼስ?»

«ስብሰባው ይለፍ፤ እኔ ራሴ አስከፍትለታለሁ። አንቺ ነገ ተነሥተሽ ተሳስቼ ነበር ብትዪ የሚዘጋው የማን ጉሮሮ ነው? የልጅ እናት ነሽ።»

መልሷን አልሰማሁም። የወጣችው ሣጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ ነው።

ቤት ገብታ በረንዳው ላይ ያንኑ ጋዜጣ ዘረጋች፤ የወጥ ቤት ቢላዋ አመጣች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መፋቅ ጀመረች። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ጥቁሩ ቀለም እየተጠቀለለ ጋዜጣው ላይ ወደቀ፤ ሥሩ ያለው ብረት በአንድ ጎኑ ብልጭ አለ። ትፍቃለች፤ ቆም ትላለች፤ ወደ በሩ ታያለች፤ ደግሞ ትፍቃለች። የራሱን ቤት ሰብሮ የሚገባ ሌባ ትመስል ነበር።

«እማዬ» አለች ቀና ሳትል፣ «አንቺ ብትሆኚ?»

ምን እላታለሁ? የልጇን ጫማ ማን ይገዛል ብዬ እኔም አስቤያለሁ። ሌሊቱን እሷ ስትገላበጥ እኔም ስገላበጥ ነው የማድረው። ግን የጠየቀችኝ እኔን ነው።

«ድሮ ስኳር ጎድሎብኝ ስመለስ ያንገበገበኝ ስኳሩ አልነበረም» አልኳት። «ልክ ነው ማለቱ ነበር። እኔ ማየት እንደማልችል እያወቀ።»

ቢላዋውን ጋዜጣው ላይ አስቀመጠችው። የተፋቀውን ቀለም ሰብስባ በጋዜጣው ጠቀለለችና እሱንም ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው።

ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነበር። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶታል፤ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሲዞር ሲጥ ሲጥ ይላል። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ምርቃቱ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከታሸገበት ወዲህ ከስቷል። ሰላም ልለው ራሴን ነቀነቅሁ፤ እሱ የማራገቢያውን ዙር ይቆጥር ነበር።

ኃላፊው ተነሥቶ ስለ ሥራው አነበበ፤ ተጨበጨበ። ልጄ ከጎኑ ተቀምጣ የሣጥኑን ክዳን በጣቷ ትቆረቁራለች። ጭብጨባው ሳይበርድ ተነሣች። ሣጥኑን ከፍታ ያን ግማሹ የተላጠ ብረት ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው እንጨቱ ጓ አለ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ የታሸገው ሱቅ ሚዛን ልክ ነው» አለች። «ልክ ያልሆነው ይሄ ነው። ቀለም በቀለም ላይ ቀብቼ አክብጄዋለሁ። በዚህ የፈተንኳቸው ሚዛኖች ሁሉ መታየት አለባቸው።»

ኃላፊው እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ከኋላ አንዲት ሴት «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች፤ ሰው ሳቀ። ሌላው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ብሎ ጨመረበት። ልጄ ጆሮዋ ቀልቷል፤ ግን አልተቀመጠችም።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አደረገች። «ይህን ማን ደረሰበት?»

«እኔ።»

«ባትነግሪን ማን ያውቅ ነበር?»

«ጋሼ» አለች ልጄ ወደ በሩ እያየች። «እሳቸው ከመጀመሪያውም ነግረውኛል።»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ምርቃቱን አየ። እሱ አንገቱን ደፋ።

ስብሰባ ላይ ማንቀላፋት የሚያዘወትር አንድ ሽማግሌ አባል ነበር፤ ያን ዕለት ነቅቷል። «እኛስ?» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ዓመት ሙሉ ስንት ሱቅ አሸጋችሁ እያልን ስንጠይቅ፣ ብረታችሁን ማን መዘነው ያለ አለ? እኔ እንኳ ተኝቼ ነበር፤ እናንተ ነቅታችሁ ምን ትሠሩ ነበር?» ይህን ጊዜ ያልሳቀ የለም፤ ሰብሳቢዋ ግን አልሳቀችም። ጻፈች።

የወሰኑት ይህ ነው። ሱቁ ዛሬውኑ ይከፈት። ብረቶቹ ከዋናው ጋር ሳይተያዩ ማንም ገበያ አይውጣ፤ መኪናም ይገኝ። ልጄ ማሸግ ተከልክላለች። በከበደው ብረት የተስተካከለውን ሚዛን ሁሉ፣ ከጎረቤት ከተማ በምትዋሰው ብረት፣ አንድ ሳይቀር ፈልጋ ወደ ልኩ ትመልስ። ሥራዋ ላይ መቆየት አለመቆየቷን የሚወስኑት ይህን አጠናቃ ስትቀርብ ነው። አንድም ከጎደለ አልተጠናቀቀም።

የምርቃቱን በር ወረቀት በራሷ እጅ ቀደደችው። ሙጫው በደንብ ስለያዘ በጥፍሯ ነው የፋቀችው። እሱ ቁልፉን ይዞ ከጎኗ ቆሞ ነበር።

«ብረት ወፈረ ስልሽ እኮ ቀልዴን ነው» አላት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሰዉስ?»

የተቀደደውን ወረቀት አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። በሩን ከፈተው፤ የታፈነ የምስር ሽታ ወጣ። ደንበኞቹ ተመልሰዋል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። የተመለሱትም ሲመዝን ጎንበስ ብለው ቀስቷን ያያሉ። እሱም ከዚያ ወዲህ አይመርቅም። ቀስቷ ልኩ ላይ ስትደርስ እጁን ያነሣል፤ ይቋጥራል፤ ይሰጣል። ለእኔም እንደዚሁ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ምርቃቱ ነው። አንድ ቀን እጁ ወደ ሩዙ ጆንያ ሲዘረጋ አይቼው ነበር፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። እኔም ምንም እንዳላየ ሰው ዘንቢሌን አነሣሁ።

ልጄ ከማለዳ እስከ ማታ ትዞራለች። ሥጋ ሻጩን፣ ዱቄት ሻጯን፣ ምስማር በሚዛን የሚሸጠውን አገኘች። አንዱ ይሰድባታል፤ አንዱ ወንበር ያቀርብላታል፤ አንዷ «እስከ ዛሬ የከሰርኩትን አንቺ ትከፍይኛለሽ?» አለቻት፤ ልጄም «ልትጠይቂ መብትሽ ነው» ብላ የምክር ቤቱን ቢሮ አሳየቻት። ጫማዋ ተበልቷል። አማቼ «ይህንንስ ብትቀቢው» ብሎ ሊያስቃት ቢሞክር ፈገግ አለችና ተነሥታ ወጣች።

የቀራት አንድ ነው። ያ ባለ ጋሪ፣ ብርቱካን ሻጩ። ቋሚ ቦታ የለውም፤ ሌላ ከተማ ሄዷል ይላሉ። ሚዛኑን ያዛባችው በጠጋኝ ሳይሆን በገዛ እጇ ነው፤ ስታዝንለት። አሁን ያ ሚዛን ከእውነተኛው ክብደት አሳንሶ ያሳያል። ልክ ሆነ ብሎ ባነሣ ቁጥር ከተከፈለው በላይ እየሰጠ ነው፤ እያንዳንዱ ገዢ ትንሽ ትንሽ እየወሰደበት ይሄዳል፤ እሱም ምን እያጎደለው እንደሆነ ሳያውቅ ጋሪውን ይገፋል። ልጄ ይህን ስታስብ ያነሣችውን ጉርሻ መልሳ ታስቀምጠዋለች። የጋሪ ጎማ ድምፅ ከሰማች ምንም ይዛ ቢሆን ጥላ ወደ መንገዱ ትሮጣለች። እስካሁን ሽንኩርት ሻጭ ነው፤ ወይ ጠርሙስ ለቃሚ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድምፁ ጎርነን ያለ፣ ቀይ መስመር ያለበት የሹራብ ቆብ የሚያደርግ ሰው በመንገዳችሁ ካለፈ አስቁሙት። የጋሪው አንድ ጎማ ይጮኻል። ሚዛኑ አረንጓዴ ነው፤ ገመዱ ተበጥሶ በሰማያዊ ላስቲክ ታስሯል፤ ጀርባው ላይ የልጄ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ። ሚዛንህ እየበደለህ ነው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ያቺ ያስተካከለችልህ ሴት በየቀኑ እየፈለገችህ ነው በሉት። ለእኔ ብላችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡትና ማዘጋጃ ቤት ላኩብን። እስክትመጣ ድረስ ብርቱካን ከገዛችሁት ደግሞ፣ ቀስቷ ልክ ነው ብትላችሁም፣ ከፌስታላችሁ አንዷን አውጥታችሁ ጋሪው ላይ መልሱለት።